አሜሪካ ገብተህ ለስላሳ ስታዝ

አገር ቤት «ለስላሳ» ካልክ አስተናጋጁ ኮካውን፣ ፋንታውን፣ ስፕራይቱን ይዘረዝርልሃል። ጋዝ ያለው ውሃ ካማረህ ደግሞ «አምቦ» ማለት ይበቃል። አሜሪካ ግን ቃሉ እንደየአካባቢው ነው፣ ስለዚህ ይቺን ያዝ።

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኒውዮርክ ወይም ካሊፎርኒያ ከሆንክ «ሶዳ» በል። ያገራችን ሰው በብዛት ያለበት ሚኒሶታ ከሄድክ «ፖፕ» ሲሉ ትሰማለህ፤ ግር አይበልህ፣ ያው ለስላሳ ነው። ሴንት ሉዊስ ደግሞ የሚገርም ነው፣ ዙሪያው ፖፕ እያለ እሱ ሶዳ ይላል።

ዋናው ጥንቃቄ ደቡብ ላይ ነው። ኮካ ኮላ በ1886 እ.ኤ.አ. የተፈጠረው አትላንታ ነው፣ እዚያ አካባቢም ብዙ ሰው ማንኛውንም ለስላሳ «ኮክ» ይለዋል። እኛም የታሸገ ውሃን ሁሉ «ሃይላንድ» እንል የለ? እና «ኮክ» ብለህ አዘህ «የትኛውን?» ብትባል፣ አልሰማኝም ብለህ ያንኑ ቃል አትድገም፤ የፈለግከውን በስሙ ጥራ፣ ስፕራይት ከሆነ ስፕራይት።

አምቦ ሲናፍቅህ «ስፓርክሊንግ ዋተር» በል። ብርጭቆውን በበረዶ ስለሚሞሉት፣ ካልፈለግክ ቀድመህ «ኖ አይስ» በላቸው።