ሳይክሉ አልስማማ ሲል፦ ከፍሬም ቁመት እስከ ጎማ ስፋት

ባሕር ዳር ላይ ወደ ሳይክል ጠጋኝ የሚመጣው ስሞታ ብዙው የብልሽት አይደለም። «ጉልበቴን ያመኛል»፣ «እጄ ይደነዝዛል»፣ «አስፋልት ላይ ይከብደኛል»፣ «ጎማው አሁንም አሁንም ይተነፍሳል»። ሰው ካቴና ያስቀይራል፣ ግሪስ ያስቀባል፣ ሂሳብ ይከፍላል፤ ስሞታው ግን እዚያው ነው። ሳይክሉ ደህና ነዋ! ልኩ ነው ያልሆነው።

እዚህ የማወራው ስለ ማውንቴን ሳይክል ነው። የኛ ሰው ማውንቴን የሚገዛው ለተራራ ብሎ አይደለም። ሥራ ይሄድበታል፣ ገበያ ይሄድበታል፣ ልጅ ያፈናጥጥበታል፤ እሁድ ደግሞ ወደ ጢስ ዓባይ ወይም ወደ ዘጌ ይወጣበታል። አስፋልቱንም፣ ኮብልስቶኑንም፣ ፒስታውንም አንዱ ሳይክል እንዲችለው ይፈለጋል። ስለዚህ ሁለት ነገር መስመር መያዝ አለበት፤ ቁመቱ ከሰውነታችሁ ጋር፣ የጎማው ስፋት ከመንገዳችሁ ጋር።

መጀመሪያ አንድ ቁጥር ያዙ

ከሻጭ ጋር ከመከራከራችሁ በፊት የእግራችሁን የውስጥ ርዝመት ለኩ። ጫማ አውልቁና ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መሃል አስገቡ፤ ኮርቻ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል እስኪጫን ወደ ላይ ሳቡት። የመጽሐፉ የላይ ጠርዝ ግድግዳውን የነካበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከምልክቱ እስከ ወለሉ በሜትር ለኩ። ሜትር ከሌለ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ አይጠፋም።

80 ሳንቲ ሜትር ወጣ እንበል። ይህ ቁጥር መታወቂያ ላይ ከተጻፈው ቁመታችሁ ይበልጥ ይጠቅማል። ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች አንዱ እግሩ፣ ሌላው ወገቡ የረዘመ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አንድ ሳይክል አይስማማቸውም።

«ጉልበቴን ከፊት ለፊት ያመኛል»

አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ሰው ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠ ሁለት እግሩን መሬት ማሳረፍ ይፈልጋል። ባጃጅ ድንገት ይቆማል፣ ፍየል ይገባል፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ኮርቻው እንዲህ ሲወርድ ጉልበት በእያንዳንዱ ዙር ከመጠን በላይ ይታጠፋል። የጉልበት ሎሚው ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ጥሩ ጠጋኝ ይህን ሲያይ «እታለም፣ ሳይክሉስ ምንም አልሆነ፤ ኮርቻሽን ከፍ ላድርግልሽ» ብሎ ያለ ሂሳብ ይሸኛል።

ግድግዳ ተደግፋችሁ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ። አንዱን ፔዳል እስከ ታች አውርዱና ተረከዛችሁን አሳርፉበት። ዳሌያችሁ ሳይጋደል እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ እንደ ልማዳችሁ የውስጥ እግራችሁን ፊተኛ ክፍል ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይላል። ልኩ ያ ነው። በቁጥር ማረጋገጥ የሚወድ ደግሞ የእግሩን የውስጥ ርዝመት በ0.883 ያባዛ። በ80 ሳንቲ ሜትር 70.6 ይመጣል። ይህ የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ቀመሩ መነሻ ነው፤ ሶሉ የወፈረ ጫማ የሚያደርግ ሰው ትንሽ ከፍ ቢያደርገው አይከፋም።

ኮርቻው ከፍ ካለ በኋላ ስትቆሙ ከኮርቻው ወደ ፊት ትወርዳላችሁ እንጂ ተቀምጣችሁ አትጠብቁም። ቀናት ይፈጃል፣ ይለመዳል።

ኮርቻውን የሚሸከመው ቱቦ ላይ የተቀረጸ መስመር አለ፤ «ከዚህ በላይ አታውጡ» ማለት ነው። መስመሩ ከፍሬሙ ውጪ ከታየ ቱቦው ሊታጠፍ፣ ፍሬሙም ሊሰነጠቅ ይችላል። ልካችሁ ላይ ለመድረስ መስመሩን ማለፍ ግድ ከሆነ ፍሬሙ ለእናንተ አጭር ነው። ወይ ረዘም ያለ ቱቦ፣ ወይ ሌላ ሳይክል።

«ከጉልበቴ ጀርባ ይሳበኛል፣ ዳሌዬም ይወዛወዛል»

ይህ የቀደመው ስሞታ ተቃራኒ ነው። ኮርቻው ከፍ ብሏል። ከኋላችሁ የሚመጣ ሰው ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ያያል። በግማሽ ሳንቲ ሜትር እየቀነሳችሁ ሞክሩ፤ በአንዴ ብዙ አታውርዱ።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ፣ ወይም ከጮቄ ለሚመለስ ግን ሌላ ሕግ አለ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ኮርቻውን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ሰውነትን ወደ ኋላ ለማሸሽ ይመቻል። ሜዳው ላይ ስትደርሱ መመለሳችሁን እንዳትረሱ።

«እጄ ይደነዝዛል፣ አንገቴ ይደርቃል»

ሳይክሉ ረዝሞባችኋል። ሰው ፍሬም ሲመርጥ ከፍታውን ብቻ ያያል፤ ከኮርቻ እስከ መሪ ያለውን ርቀት የሚያይ ጥቂት ነው። ክብደታችሁ በሙሉ መዳፋችሁ ላይ ሲወድቅ ነርቭ ይጫናል፣ ጣት ይደነዝዛል።

መጀመሪያ የኮርቻውን አፍንጫ እዩ። ወደ ታች ካዘነበለ ሁሌ ወደ ፊት ትንሸራተታላችሁ፣ እጃችሁም እንደ ግንብ ይደግፋችኋል። አግድም አድርጉት። ብዙ ሰው በዚህች ብቻ ይድናል። ካልሆነ መሪውን ከፎርኬታው ጋር የሚያያይዘውን አንገት በአጭር አስቀይሩ፤ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲያጥር ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ብዙዎች ሌላ አቋራጭ ይወስዳሉ፤ ኮርቻውን ከሥሩ ባሉት ሁለት ብረቶች ላይ ወደ ፊት እየገፉ መሪውን ያቀርባሉ። እኔ አልመክርም። የኮርቻው ቦታ የሚወሰነው በጉልበት ነው። የፔዳሉ ክንድ አግድም ሲሆን ከፊተኛው ጉልበት ሎሚ ሥር በክር የተንጠለጠለ ጠጠር የፔዳሉ መሃል አካባቢ ማረፍ አለበት። እጅን ለማዳን ብሎ ይህን ማበላሸት ወደ ጉልበት ሕመም ይመልሳል።

«ጉልበቴ መሪውን ይነካል፣ መጠምዘዣ ላይ ጫማዬ ጎማውን ይነካል»

የመጀመሪያው የአጭር ፍሬም ምልክት ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ ረዘም ያለ አንገት ትንሽ ያስታግሳል እንጂ። ሁለተኛው ትንሽ ፍሬም ላይ ትልቅ ጎማ ሲገጠም ይመጣል። ቀስ ብሎ ሲዞሩ ብቻ ስለሚነካ አንዳንዱ ለምዶት ይነዳዋል። ኮብልስቶን ላይ ግን ይጥላል።

የማውንቴን ፍሬም መጠን ብዙ ጊዜ በኢንች ይጻፋል፤ ኮርቻው የሚገባበት ቱቦ ርዝመት ነው። በግምት ከ1.55 እስከ 1.65 ሜትር ለሆነ ሰው 15 ወይም 16፣ እስከ 1.78 ለሆነ 17 ወይም 18፣ እስከ 1.88 ለሆነ 19 ወይም 20 ይሆናል። የእግራችሁን የውስጥ ርዝመት በ0.226 ብታባዙም ተቀራራቢ ቁጥር ይመጣል፤ 80 ሲባዛ 18 ገደማ። በሁለት መጠን መሃል የወደቀ ሰው፣ ፒስታና ቁልቁለት የሚያበዛ ከሆነ ትንሹን ይውሰድ።

ሻጭ ቤት ውስጥ ያለው ፈተና ቀላል ነው። ሳይክሉን በእግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ቁሙ። ከላይኛው ብረት እስከ ሰውነታችሁ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ድንገት ፍሬን ይዛችሁ ወደ ፊት ስትወርዱ ይህ ክፍተት ምን እንደሚያድን ወንዶች ያውቁታል። የላይኛው ብረት ዝቅ ያለበት የሴት የሚባለው ሳይክል ላይ ግን ይህ ፈተና ምንም አይነግራችሁም። እዚያ ላይ የምታዩት የመሪውን ርቀት ነው፤ ክርናችሁ ሳይገተር መሪውን መያዝ አለባችሁ።

«ልጁ ሳይክሉን ይፈራዋል»

ኧረ አይፈራም! ትልቅ ነው። ሱቅ ውስጥ «ጋሼ፣ ያድግበታል!» የምትባለዋ ቃል ብዙ ልጅ አስለቅሳለች። ለዩኒፎርም ትሠራለች፤ እጅጌው ይጠቀለላል። ሳይክል አይጠቀለልም። ፍሬን ያዢው ጣቱ ላይ ካልደረሰለት ልጁ የሚያቆመው በጫማው ነው።

ለጀማሪ ልጅ ኮርቻው እስከ መጨረሻው ወርዶ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይንኩ። መሪውን ይዞ ፍሬኑን በሁለት ጣት መሳብ ይቻል። በግምት 16 ኢንች ጎማ ያለው ለ5 ዓመት ልጅ፣ 20 ከ6 እስከ 9 ላለው፣ 24 ከዚያ በላይ ላለው ይሄዳል። ግን ዕድሜ ይዋሻል፣ እግር አይዋሽም፤ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ሲያድግ ለታናሹ ይተላለፋል፣ ታናሽ ከሌለ ጎረቤት አይጠፋም።

«ጎማዬ አሁንም አሁንም ይተነፍሳል»

ከመቆጣታችሁ በፊት ከመነዳሪውን፣ ማለትም በጎማው ውስጥ ነፋሱን የሚይዘውን ላስቲክ፣ አውጥታችሁ ቀዳዳውን ተመልከቱ። ጎሚስታው ለጥፎ ከመለሰላችሁ በኋላ ምንም አይታይምና ሳይለጥፍ በፊት ነው።

ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች፣ በመሃላቸው የጣት ስፋት ያህል ርቀት፣ ልክ እባብ የነከሰው ከመሰለ እሾህ አይደለም። ጎማው የኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታ እስከ ቸርኬው ተጨፍልቆ፣ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ተቆንጥጧል። ምክንያቱ ነፋሱ ማነሱ ነው፤ ወይም ጎማው ለተሸከመው ክብደት ጠባብ ነው። በተለይ ከኋላ ሰው የሚያፈናጥጥ ሰው ይህ ይደጋገምበታል።

ውጭ በኩል አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለ እሾህ ወይም ሚስማር ነው። እጃችሁን በጎማው ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ዳብሱ፣ የወጋው ነገር አሁንም እዚያው ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ጨርቅ ተነስቷል።

ለመቆንጠጡ መድኃኒቱ ነፋስ ነው። የጎማው ጎን ላይ ዝቅተኛና ከፍተኛ የነፋስ መጠን ተጽፏል፤ ለምሳሌ «40–65 ፒኤስአይ»። ለቀላል ሰው ወደ ታችኛው፣ ለሚያፈናጥጥ ወደ ላይኛው። የኋላው ከፊተኛው ጠንከር ይበል፣ ክብደቱ እዚያ ነውና። ይህን አድርጋችሁም ካልቆመ ስፋቱ 1.5 ኢንች በሆነው ጎማ ፋንታ 1.95 አስገቡ።

«አስፋልት ላይ ይከብደኛል»

ሰው ወዲያው ሰፊ ጎማን ይወቅሳል። እኔ መጀመሪያ ጥርሱን እጠረጥራለሁ። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ «ዝዝዝ» ይላል። ያ ድምፅ የእናንተ ጉልበት ነው። ስፋቱ ሳይቀንስ መሃሉ ለስላሳ፣ ጎኑ ላይ ጥርስ ያለው ጎማ ግዙ፤ ነፋሱንም አስተካክሉ። ከተማ ውስጥ ውሎ ከተማ ውስጥ ለሚያድር 1.5 ይበቃዋል። ወደ ጢስ ዓባይ ፒስታ ለሚወጣ 1.95 ጥሩ መካከለኛ ነው። ኮረኮንች ብቻ ለሚነዳ 2.1።

«ክረምት ላይ ጭቃ ሞልቶ አልዞር ይላል»

የጎጃምን ዋልካ ማን ያስተዋውቀዋል። እዚህ ላይ ሰፋ ያለ ጎማ ጠላት ይሆናል። ጎማው ከፎርኬታውና ከፍሬኑ ጋር ያለው ክፍተት ከጠበበ ጥቁር አፈሩ እዚያ ይደድራል። ደረቅ ጊዜ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል፤ ለክረምት ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ብታስጠጉት ይሻላል። ስለዚህ ጭቃ ላይ ጠበብ ያለ፣ ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ይመረጣል። ወይም በዚያ ቀን በእግር መሄድ።

«26 ነው ብለው ሰጡኝ፣ አልገባ አለ»

የሰጣችሁ ሰው አልዋሸም። ሁለቱም 26 ናቸው። ማውንቴኑ 26×1.95 ነው፣ በነጥብ ተጽፎ። የድሮው ሳይክል 26×1⅜ ነው፣ በክፍልፋይ። ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ግን አንዱ 559፣ ሌላው 590 ሚሊ ሜትር ነው። በመዶሻም አይገባም። የድሮው ትልቁ 28×1½ ደግሞ 635 ነው፤ ሌላው 28 እና የዛሬው 29 ግን ሁለቱም 622 ናቸው። 27.5 የሚባለው 584 ነው።

ስለዚህ ኢንቹን ተዉትና ጎማው ጎን ላይ «50-559» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ፈልጉ። የመጀመሪያው ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር። ሁለተኛው ቁጥር ከአሮጌው ጎማ ጋር አንድ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሊለያይ ይችላል፣ ክፍተት እስካለ። ከመነዳሪም ስትገዙ ሳጥኑ ላይ «26×1.75–2.125» ዓይነት ክልል ይኖራል፤ ጎማችሁ በዚያ መሃል ይውደቅ።

አሮጌ ሳይክል ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ከዋጋው በፊት ኮርቻውን አውጡት። ቱቦው ከመስመሩ በላይ ተነድቶ የቆየ ከሆነ ምልክቱ ይቀራል። ከዚያ ኮርቻው የሚገባበት ቱቦ ከላይኛው ብረት ጋር የተበየደበትን ቦታ በጨርቅ ጠርጉና በስልክ መብራት እዩት። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ ስንጥቅ ነው። ዋጋ አትከራከሩ፤ አመስግናችሁ ውጡ።