ቀይ ሂቢስከስ አላብብ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ባህር ዳር ላይ ቀይ ሂቢስከስ ማሳደግ ያን ያህል አይከብድም። በየግቢው አጥር ላይ ወጥቶ ሲያብብ ታዩታላችሁ። ከዚያው ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ደብረ ማርቆስ ስትተክሉት ግን ጠባዩ ሌላ ይሆናል። ቅጠል አለ፣ አበባ የለም። እምቡጡ ይመጣና ይረግፋል። ኅዳር ሲገባ ጫፉ ይጠቁራል። ይሄኔ ሰው ሁሉ ማዳበሪያ ፍለጋ ይሮጣል። ማዳበሪያውን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ምን እንደተከላችሁና የት እንደተከላችሁ እዩ። እኔ የማያቸው የሂቢስከስ ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ዓይነቱ ከቦታው ጋር ስላልተስማማ፣ ወይም ውሃና ማዳበሪያ ስለበዛበት ነው።

ባህር ዳር ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ነው። ይህ ልዩነት በሙቀት ሲታይ ከሦስት እስከ አራት ዲግሪ ይሆናል። ሂቢስከስ የሞቃት አገር ተክል ነው፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል፣ ውርጭ ከነካው ደግሞ ይቃጠላል። ስለዚህ ከታች የምጽፈውን ስታነቡ ያላችሁበትን ቦታ አስቡ። ፍኖተ ሰላም ያለ ሰውና እንጅባራ ያለ ሰው መፍትሄያቸው አንድ አይደለም።

አበባው ጨርሶ አይከፈትም

ቀይ ነው፣ ያምራል፣ ግን የአበባው ቅጠሎች እንደተጠቀለሉ ይቀራሉ፤ አበባው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከጫፉ ቀጭን ዘንግ ብቻ ብቅ ይላል። ምንም አልታመመም። ሂቢስከስ አይደለም ያላችሁ፣ ማልቫቪስከስ የሚባል ዘመዱ ነው። መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን አበባው ሲፈጠርም አይከፈትም። ችግኝ ጣቢያ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲሸጡ ይገኛሉ፣ ለዚህ ነው ያላበበ ችግኝ አትግዙ የምለው። እስካሁን ያላችሁን ግን አትንቀሉት። ጠንካራ አጥር ይሆናል፣ የአበባ ማር የምትመጥ ትንሿ ወፍም በጣም ትወደዋለች።

ከዘር ዘርቼ ቀይ አበባ አላየሁም

ቀይ ሂቢስከስ ተብሎ የሚሸጥ ዘር ብዙ ጊዜ ከርከዴ ነው። ከርከዴ አበባው ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ መሃሉ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ቀዩና ተፈልቶ የሚጠጣው አበባውን የሚይዘው ወፍራም ሽፋን ነው። የአንድ ዓመት ተክል ሲሆን ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው የሚያብበው። ሌላው በዘር የሚመጣው የአሜሪካው ረግረጋማ ሂቢስከስ ነው። አበባው የትንሽ ሰሃን ያህል ይሰፋል፣ ግንዱ ግን በብርድ ወቅት እስከ መሬት ደርቆ እንደገና ይወጣል። በየአጥሩ የምናየው ቀዩ ሂቢስከስ ከዘር እምብዛም አይገኝም። የሚራባው በቁርጥራጭ ነው። ሰማያዊ ወይም ባለ ቀስተ ደመና ሂቢስከስ ብለው የፓኬት ዘር ለሚሸጡ ገንዘባችሁን አትስጡ።

የትኛውን ልትከል?

ተክሉ ከሌላችሁ እድለኛ ናችሁ፣ ከችግሩ ግማሹን እዚሁ ትቀንሳላችሁ። ለጎጃም የእኔ ምርጫ ነጠላው ነው፦ አበባው አምስት ሰፋፊ ቀይ ቅጠሎች፣ መሃሉ ላይ ወደ ፊት የወጣ ረጅም ዘንግ። ዝናብ ይችላል፣ ብርድም ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማል፣ ከተቆረጠ በኋላም ቶሎ ያቆጠቁጣል። ድርቡ፣ ማለትም እንደ ጽጌረዳ የአበባው ቅጠል የተደራረበው፣ ሸጋ ነው፤ ግን እምቡጥ ለማርገፍ ሰበብ አይፈልግም፣ በክረምት ደግሞ ውሃ አዝሎ ሳይከፈት ይበሰብሳል። ባህር ዳር፣ መራዊ ወይም ፍኖተ ሰላም ከሆናችሁና ቆርቆሮ ክዳን ጥግ ዝናብ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ካላችሁ ሞክሩት። ከ2300 ሜትር በላይ ላለ ሰው ግን አልመክርም።

አንድ ሌላ የምወደው አለ። አበባው ተንጠልጥሎ የአበባው ቅጠሎች እንደ ዳንቴል የተሰነጣጠቁ፣ ወደ ላይ የታጠፉ። ይሄ የኛው የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው፣ መነሻው ኬንያ፣ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ። ከፊል ጥላ ይችላል፣ ስለዚህ ማንጎ ወይም አቮካዶ ሥር ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ቦታ ካላችሁ እሱን ትከሉ። ቅጠሉ ነጭና ሮዝ የተዥጎረጎረ፣ አበባው ትንሽና ቀይ የሆነውም አለ፤ እሱ ለቅጠሉ የሚተከል ነው፣ ብዙ አበባ አትጠብቁበት።

አበባው በአንድ ቀን ጠወለገ ብላችሁ ከተጨነቃችሁ አትጨነቁ። የሂቢስከስ አበባ ዕድሜው አንድ ቀን ነው፣ ሲበዛ ሁለት። ጤናማ ተክል በየቀኑ አዲስ ይተካል።

እምቡጡ ሳይከፈት ይረግፋል

ይህ በጣም የምጠየቀው ጥያቄ ነው። መልሱ ከወደቀው እምቡጥ ውስጥ አለ። አንሱትና በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ክር የሚያህሉ ቀጫጭን ነፍሳት ሲንቀሳቀሱ ካያችሁ ትሪፕስ ናቸው። እምቡጡን ከውስጥ እየመጠጡ ነው የሚያረግፉት። የወደቀውን ሁሉ በየቀኑ ልቀሙና አቃጥሉት ወይም ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ እዚያው ሥሩ ላይ ከተዋችሁት ተመልሰው ይወጣሉ። ክፉኛ ከያዘው ዛፉ ላይ የቀረውን እምቡጥም ሁሉ ቁረጡ። ያሳዝናል፣ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ንጹህ ይሆናል።

ውስጡ ንጹህ ከሆነ ነገሩ ውሃ ወይም ብርድ ነው። አፈሩን እስከ ሁለተኛው የጣታችሁ መገጣጠሚያ ድረስ ቆፍራችሁ ንኩት። ደረቅ ነው? በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ አንድ ቀን ጨርሶ የደረቀ ተክል በማግስቱ እምቡጥ ይጥላል፣ በተለይ ከጀሪካን በተቆረጠ ማሰሮ ውስጥ ያለ። ጭቃ ነው? በብቸናና በደጀን አካባቢ ያለው ጥቁር መረሬ በክረምት ውሃ ይይዛል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ተክሉም መጀመሪያ የሚጥለው እምቡጡን ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል ውሃ ማቆሪያ መሥራት ነው። አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሥሩ፣ አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት ደባልቁበት፣ እላዩ ላይ ትከሉ፣ ዳር ዳሩን ውሃው በቦይ እንዲወጣ አድርጉ። አፈሩ ደህና ሆኖ መርገፉ ከኅዳር እስከ ጥር ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሌሊቱ ብርድ ነው፣ ስለ እሱ ከታች እመለሳለሁ። ማሰሮውን በቅርቡ ቦታ ከቀየራችሁትም ይረግፋል፣ አንዴ ከተላመደ ግን ይተወዋል።

ቅጠሉ ይንሰራፋል፣ አበባ የለም

መጀመሪያ ፀሐዩን ቁጠሩ። ቀጥታ ፀሐይ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ካላገኘ ምንም ብታደርጉለት ቅጠል ነው የሚሰጣችሁ። ከግንቡ በስተሰሜን ያለ ወይም ባህር ዛፍ የጋረደው ሂቢስከስ ቦታ መቀየር አለበት፣ ሌላ መላ የለውም።

ፀሐይ ካለው ወደ ማዳበሪያው እንምጣ። እኛ ቤት የሚገኘው ለጤፍና ለበቆሎ የተገዛው ነው፣ ከእሱ የተረፈ እፍኝ ለአበባ ይበተናል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ቅጠሉን ያገዝፋል፣ አበባውን ያስረሳል። ዳፕ ደግሞ 46 በመቶው ፎስፌት፣ ማለትም ፎስፈረስ ያለበት ውህድ ነው፣ ኤንፒኤስ 38 በመቶ። ሂቢስከስ ብዙ ፎስፈረስ አይወድም፤ ሲበዛበት ብረትንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ከአፈር መውሰድ ያቅተዋል። የሚፈልገው ፖታሲየም ነው፣ እሱ ደግሞ ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ የለም። ስለዚህ የማሳውን ማዳበሪያ ለማሳው ተዉት። በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ክረምት ሲገባ ሌላውን ሲወጣ፣ በቂ ነው። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፣ ገበሬውም ኖራ የሚጨምርበት ለዚሁ ነው፤ እዚያ ላላችሁ ከምድጃ የወጣ የእንጨት አመድ አንድ እፍኝ ሥሩ ዙሪያ ነስንሳችሁ ኮትኩቱ። አሲዱን ይቀንሳል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል። ጥቁር አፈር ላይ ግን አመድ አታብዙ።

ቀሪው ምክንያት መቀስ አለማየቱ ነው። ሂቢስከስ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው፣ ሳይቆረጥ ዓመታት የቆየ ዛፍ አበባው አናቱ ላይ ብቻ ይቀራል። ሲሶውን ቁረጡ። አበባ ለማየት ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ወር መታገስ ነው። በደጋው የምትቆርጡት በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት ይሁን። በጥቅምት ከቆረጣችሁት ለጋው ቀንበጥ ልክ ውርጭ ሲመጣ ይደርሳል።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ

የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ጥቂት በጥቂት ቢጫ ሆነው ከወደቁ፣ በተለይ ወቅት ሲቀየር፣ የተለመደ ነው። አሮጌዎቹ በብዛት ከገረጡ ናይትሮጅን አንሶታል፣ ኮምፖስት ስጡት። የጫፎቹ ለጋ ቅጠሎች ገርጥተው ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን ብረት አጥቷል፤ ይሄ የሚመጣው ከረጋ ውሃ፣ ከበዛ አመድ ወይም ከበዛ ዳፕ ነው፤ ሌላ ነገር መጨመር ሳይሆን ያበዛችሁትን ማቆም ነው። ክረምት ላይ ሁሉም አንድ ላይ ቢጫ ሆኖ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ተክሉ ከጠወለገ ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ውሃ ጠማው ብላችሁ አታጠጡት! የረጋውን ውሃ በቦይ አውጡለት፣ ጤነኛ ቅርንጫፎች ቆርጣችሁ ሌላ ቦታ ለመትከል ሞክሩ።

ቅጠሉ ይጣበቃል፣ ጥቀርሻ የመሰለ ነገር ለብሷል

ገልብጡት። ከሥሩ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ ወይም ጥጥ የመሰለ ነገር የለበሱ ነፍሳት ታገኛላችሁ። የሚያጣብቀው የእነሱ ፈሳሽ ነው፣ ጥቁሩ ደግሞ በፈሳሹ ላይ የበቀለ ሻጋታ። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ጣፋጩን ፈሳሽ ፈልጎ ነው፣ ነፍሳቱንም ከጠላት ይጠብቃቸዋል። በጠንካራ ውሃ እጠቡት፣ ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ በጥብጣችሁ ማታ ማታ ከቅጠሉ ሥር ርጩ። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩት። እንቁላሉን ስለማይገድል በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም አለባችሁ። ሂቢስከስ የጥጥና የባምያ ዘመድ ነው፣ ስለዚህ አጠገቡ ባምያ ካላችሁ እሱንም እዩት። ለሽንኩርት የተገዛ ፀረ ተባይ ግን ባበበ ተክል ላይ አትርጩ፤ ስንቱ የጎጃም ግቢ ቀፎ አለው፣ ንቡ ከዚያው አበባ ነው የሚቀስመው።

በበጋ ቅጠሉ አቧራ እንደነካው ደብዝዞ ከቅጠሉ ሥር ስስ ድር ካለ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ድርቀት ይወዳል። ቅጠሉን ደጋግሞ በውሃ ማጠብ ይበቃዋል።

ጫፉ ጠቁሮ ደረቀ

ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ነው። ዋናው ስህተት የጠቆረውን ወዲያው መቁረጥ ነው። የሞተው ጫፍ ከሥሩ ያለውን ይከላከላል፣ ስለዚህ ውርጩ እስኪያልፍ ተዉት። የካቲት ላይ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጉ፤ አረንጓዴ ካገኛችሁ ሕያው ነው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ቁረጡ። ለሚመጣው ዓመት ሥሩን በገለባ ሸፍኑ፣ ትንሹን ተክል ማታ በጆንያ አልብሱና ጠዋት ግለጡት። ከሁሉ የሚበልጠው ቦታው ነው፦ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኝ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ አጠገብ የተተከለ ሂቢስከስ ሌሊቱን ከግድግዳው ሙቀት ያገኛል። ቁልቁለት ግርጌ ያለ ሜዳ ላይ፣ ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት ቦታ፣ አትትከሉት።

ቁርጥራጩ አልጸደቀልኝም

ከጎረቤት የመጣው ቅርንጫፍ የደረቀው ምናልባት አበባ ስለያዘ ነው። እርሳስ የሚወፍር፣ በጣም ለጋም በጣም ደረቅም ያልሆነ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ምረጡ። ከአንጓው ሥር ቁረጡት። እምቡጡን ሁሉ አውጡ፣ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ አስቀሩ። አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ጥላ ሥር ትከሉት፣ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ፣ በየቀኑም እየነቀላችሁ ሥር አወጣ ወይ ብላችሁ አትዩት። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈልጋል። ሰኔ ላይ የተተከለው መስከረም ላይ ወደ ቋሚ ቦታው መሄድ ይችላል። ደጋ ከሆናችሁ ግን የመጀመሪያውን በጋ በማሰሮው ውስጥ በረንዳ ላይ ያሳልፍ፣ መሬት የሚገባው በቀጣዩ ግንቦት ነው።