የዲሲፕሊን ክስ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ

ከኮሌጃችሁ የመጣውን የክስ ደብዳቤ ስትቀበሉ ፈርሙ፤ ከፊርማችሁ ጎን ግን የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉ። መፈረም ደብዳቤው ደርሶኛል ማለት እንጂ ጥፋቱን ማመን አይደለም። የመልስ መስጫው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቀን ስለሚቆጠር፣ ቀን የሌለው ፊርማ በኋላ ያጨቃጭቃል።

ቀጥሎ የኮሌጁን የተማሪዎች መመሪያ አውጥታችሁ የተጠቀሰባችሁን አንቀጽ ቃል በቃል አንብቡ። ደብዳቤው "ሥነ ምግባር በመጣስ" ብሎ ብቻ ካለፈ፣ "ድርጊቱ፣ ቀኑ፣ የተጣሰው አንቀጽና የቀረበብኝ ማስረጃ በጽሑፍ ይገለጽልኝ" ብላችሁ አመልክቱ። ምን አደረግክ እንደተባለ የማያውቅ ሰው ራሱን መከላከል አይችልም።

መልሳችሁ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ክሱን ነጥብ በነጥብ ከፋፍላችሁ፣ በእያንዳንዱ ሥር "እውነት ነው" ወይም "አይደለም" በሉና ማስረጃውን አያይዙ። ጥፋቱን ከሠራችሁት በግልጽ እመኑ። ግማሹን አምኖ ግማሹን መደበቅ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አንዷ ሐሰት ስትገለጥ እውነት የተናገራችሁትም ተዓማኒነቱን ያጣል።

ለምሳሌ ጽሑፍ ገልብጣችኋል ተብላችሁ፣ ማስረጃው የኮምፒውተር ፕሮግራም ያወጣው የተመሳሳይነት መቶኛ ነው እንበል። ቁጥሩ ብቻውን ኩረጃን አያረጋግጥም፤ በትእምርተ ጥቅስ የገባን ቃልና የዋቢ ዝርዝሩን ሳይቀር ሊቆጥር ይችላል። ሙሉ ሪፖርቱን ጠይቁ፣ ፕሮግራሙ ተመሳሳይ ነው ብሎ ቀለም የቀባውን እያንዳንዱን መስመር ከምንጩ ጋር አስተያዩ። ረቂቆቻችሁን፣ ፋይሉ በየቀኑ የተቀየረበትን ታሪክና የንባብ ማስታወሻችሁን አቅርቡ። ምንጩን ጠቅሳችሁ ትእምርተ ጥቅስ የረሳችሁበት ቦታ ካለ ግን ስህተቱን ራሳችሁ አሳዩ።

በጠብ ወይም በዛቻ ክስ ደግሞ ብዙዎችን የሚጎዳው ከክሱ በኋላ የሚሠሩት ነው። ከሳሹን "ክሱን ተው" ብሎ መለመን፣ በጓደኛም ቢሆን፣ እንደ ማስፈራራት ሊቆጠር ይችላል። የስልክ መልእክት መሰረዝም ማስረጃ ማጥፋት ነው። በምስክርነት የምታቀርቡት በዓይኑ ያየውን ሰው ይሁን፤ ጠባያችሁን የሚያመሰግኑ አምስት ጓደኞች በቦታው የነበረን አንድ ሰው አይተኩም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ የወንጀል ችሎት አይደለም። ብዙ ኮሌጆች "ከሁለቱ ወገኖች ማስረጃ የበለጠ የሚያሳምነው የቱ ነው?" በሚል መለኪያ ስለሚወስኑ፣ በፍርድ ቤት ነጻ መውጣት ብቻውን የኮሌጁን ጉዳይ ላይዘጋው ይችላል። ስትቀርቡ የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ፤ ከሳሽ ወይም የቅርብ ዘመዱ ኮሚቴው ውስጥ ከተቀመጠ ውይይቱ ሳይጀመር ተቃውሟችሁን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቡ።

ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ እስከ መሰናበት ይደርሳል። ምርመራ እስኪያልቅ የሚደረግ እገዳን ከቅጣት እገዳ ለዩ፤ የመጀመሪያው ጊዜያዊ ጥንቃቄ ስለሆነ ፈተና እንዳያመልጣችሁ ወዲያው ለሬጅስትራር አመልክቱ። የአንድ ሴሚስተር ቅጣትም በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ካስመለጠ ምረቃን አንድ ዓመት ሊገፋ ይችላል፤ ይህን ለኮሚቴው አስረዱ።

ይግባኝ "ውሳኔው አሳዘነኝ" በሚል አይቀርብም። ሥርዓቱ ተጥሷል፣ አዲስ ማስረጃ ተገኝቷል፣ ወይም ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም በሉና የትኛው እንደሆነ ከማመልከቻችሁ የመጀመሪያ አንቀጽ ጀምሮ ግለጹ። በሁለት ቅጂ አስገብታችሁ በአንዱ ላይ "ገቢ ሆኗል" የሚል ማኅተምና ቀን አስመቱ። የመጨረሻው ውሳኔ ሲወጣም ቅጣቱ በትራንስክሪፕት ላይ ይታይ እንደሆነና ከማኅደራችሁ መቼ እንደሚነሳ በጽሑፍ ጠይቁ።