ሰመር ላይ የሚያብበው ክሌማቲስ፦ አተካከል፣ ገረዛና እንክብካቤ

ክሌማቲስ የሚባለው ባለ አበባ ሐረጋችሁ አጥሩ ጫፍ ላይ ብቻ እያበበ ከወገቡ በታች ደረቅ ሐረግ ከሆነ፣ ጥፋቱን በአፈሩ ላይ አታላክኩ። በጊዜው አልተገረዘም ማለት ነው።

እዚህ የምናወራው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ በዚያው ዓመት በበቀለ ቀንበጥ ላይ ስለሚያብቡት ዓይነቶች ነው። ከሁሉ የታወቀው ሐምራዊው ጃክማኒ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ተዳቅሎ የተገኘ። ለጀማሪ ግን የቪቲቼላ ወገኖቹን፣ ለምሳሌ ፖሊሽ ስፒሪትን ወይም ኤትዋል ቪዮሌትን እንመርጣለን፤ አበባቸው አነስ ቢልም በሽታን ይችላሉ። በኢትዮጵያ ደጋ ዛፍና አጥር ላይ የሚወጣው አዞ ሐረግ የእነዚህ ዘመድ ነው። ጭማቂው ቆዳ እንደሚያቃጥል ሁሉ የእነዚህም ያሳክካል፣ ስለዚህ ጓንት አድርጉ።

ከታች ያሉት ወራት ለዋሽንግተን ዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ አካባቢ የሚስማሙ ናቸው።

ቦታው በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል፤ በዚህ አካባቢ ሙቀት የጠዋት ፀሐይ ከከሰዓቱ ይሻላል። ሥሩ ግን ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከግድግዳ 30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ትከሉት፤ ግድግዳው ሥር ዝናብ ስለማይደርስ አፈሩ ሁልጊዜ ደረቅ ነው።

ጉድጓዱ 45 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ይኑረው። የአካባቢው ቀይ ሸክላ አፈር ውኃ ይቋጥራል፤ ጉድጓዱን በውኃ ሞልታችሁ ከሰዓታት በኋላም ካልሰረገ ሌላ ቦታ ፈልጉ ወይም መደቡን ከፍ አድርጉ። የወጣውን አፈር ከብስል ኮምፖስት ጋር ቀላቅሉ። ችግኙን ውኃ አጠጥታችሁ ከማሰሮው አውጡና የቀድሞው የአፈር ወለል ከአዲሱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አድርጋችሁ ትከሉ። ሌላ ተክል እንዲህ ቢቀበር ይበሰብስ ይሆናል፤ ትልልቅ አበባ ያለው ክሌማቲስ ግን ላዩ በበሽታ ቢሞት ከተቀበረው አንጓ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ክሌማቲስ የሚወጣው በቅጠሉ ዘንግ እየተጠመጠመ ነው። ዘንጉ አጭር ስለሆነ ወፍራም ምሰሶ አይዞርም፤ ሽቦ፣ ሲባጎ ወይም ከጣት ያልወፈረ ቀጭን እንጨት አዘጋጁለት። አዲስ ቀንበጥ በቀላሉ ስለሚሰበር አላልታችሁ እሰሩት።

አሁን ወደ ገረዛው። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ፣ አዲስ ቀንበጥ የሚወጣባቸው እንቡጦች ማበጥ ሲጀምሩ፣ ሐረጉን በሙሉ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ጥንድ ጤናማ እንቡጥ ካለበት አንጓ በላይ ቁረጡ። ሦስት ሜትር የደረሰ ሐረግ እንዲህ ሲጎመድ ዓይን አይችለውም፤ ግን ቀንበጡ በዚያው ዓመት ተመልሶ ይወጣል፣ አበባውም ከታች ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ አንድ ቀጭን ሐረግ ብቻ ቢሆን እንኳ ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ ከሥሩ ቅርንጫፍ አያበዛም። ለዓመታት ያልተነካ ከሆነ ግን ታችኛው ግንድ እንቡጥ ላይኖረው ስለሚችል ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ዓመት ጉመዱ። የተከላችሁትን ዓይነት የማታውቁ ከሆነ አንድ ዓመት ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። በኤፕሪል ወይም በሜይ ካበበ አበባውን በአምናው ሐረግ ላይ ይዞታልና ይህ ገረዛ የዓመቱን አበባ ይወስድባችኋል።

ዝናብ ከሌለ በሳምንት አንዴ ከ10 እስከ 15 ሊትር ቀስ ብሎ የሚሰርግ ውኃ ስጡት፤ በየቀኑ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል። 5 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ግን ግንዱን አያስነኩት። ከገረዛው በኋላ ኮምፖስት ጨምሩለት፣ ከዚያም የአበባ እንቡጥ እስኪይዝ ድረስ ፖታሲየም የበዛበት የቲማቲም ማዳበሪያ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ናይትሮጅን የበዛበት የሣር ማዳበሪያ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም።

አበባ ሊፈነዳ ሲል አንድ ሐረግ በድንገት ጠውልጎ የቅጠሉ ዘንግ ከጠቆረ አጠውልግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። ከውኃ ጥም የሚለየው ጥሙ ተክሉን በሙሉ ማጠውለጉና ውኃ ሲያገኝ ማገገሙ ነው። የታመመውን ሐረግ ጤናማው ክፍል እስኪገኝ፣ ካስፈለገም እስከ አፈሩ ድረስ ቁረጡና ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት እንጂ ኮምፖስት ላይ አትጨምሩት። መቀሱን በአልኮል ጥረጉ። ተክሉ ሞተ ብላችሁም አትንቀሉት፤ አንዳንዴ እስከ ቀጣዩ ስፕሪንግ ቆይቶ ያቆጠቁጣል።

ሰመሩ ሲያልቅ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ደርቋል፣ ነፋስም አያገኝም። ውኃውን ከሥሩ አጠጡ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። በስፕሪንግ ደግሞ አዲሱ ቀንበጥ በአንድ ሌሊት ተቆርጥሞ ካደረ ቀንድ አውጣ ነው፤ ማታ በባትሪ ፈልጋችሁ ልቀሙት።