የትምህርት ዶክትሬት ባሕር ዳር ላይ ሲሠራ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ «ፔዳ» ስንል ግቢውን እንጂ ቃሉን አናስበውም። ስሙ የቀረው በ1965 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የፔዳጎጂ (የማስተማር ጥበብ) አካዳሚ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ (ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ) ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከተማዋ ማስተማርን ራሱን ሙያ አድርጋ ማጥናት ከጀመረች ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሆኖም የትምህርት ዶክትሬት የሚጀምር ሰው ከሚሠራቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ከማስተርስ ተሸክሟቸው የሚመጣ ልማዶች ናቸው። አንዴ ስላሳለፉት አይጠረጥራቸውም።

ክልሉን ሙሉ በአንድ ርእስ መዋጥ

«የትምህርት ጥራት ተግዳሮቶች በአማራ ክልል» የሚለው ለቢሮ ዕቅድ እንጂ ለዶክትሬት አይሆንም። አራት ጊዜ ይቁረጡት፦ የትኛው ክፍል? የትኛው የትምህርት ዓይነት? ክፍል ውስጥ በዓይን የሚታይ የትኛው ድርጊት? የት? ሲቆረጥ ምናልባት «በባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳድስ ፊደል ያለበትን ቃል ሲያነቡ የት ላይ ይደናቀፋሉ? መምህሩስ ያኔ ምን ያደርጋል?» ይሆናል። መጥበቡን ለማወቅ ጥያቄውን ለአንድ የ2ኛ ክፍል መምህርት ይንገሯቸው። ወዲያው ምሳሌ ከሰጡዎት ጠብቧል፤ «አዬ፣ ትምህርት እኮ ወደቀ» ብለው ከተነፈሱ ገና ነው።

መጠይቁን ከጥያቄው ማስቀደም

ስልሳ ጥያቄ ያለው፣ «በጣም እስማማለሁ» ብሎ የሚጀምር መጠይቅ በመጀመሪያው ዓመት ተዘጋጅቶ ይቀመጥና ዓላማው በኋላ ይፈለግለታል። መምህራን ስለ ማስተማራቸው የሚሞሉት ሌላ፣ ክፍል ውስጥ የሚያደርጉት ሌላ ነው። ጥያቄዎ ስለ ድርጊት ከሆነ ክፍል ገብተው ይዩ፤ አንድ መምህር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታይ፤ የመጀመሪያው ቀን ለእንግዳ የተዘጋጀ ትምህርት ነውና አይቁጠሩት።

የሰው መለኪያ እንዳለ መዋስ

ከሁሉም ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ነው፤ በተለይ ንባብን ለሚያጠኑ። ኢግራ የተባለው የንባብ መመዘኛ ልጁ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጥራል። በእንግሊዝኛ የተገኘውን ቁጥር ከአማርኛው ጎን አስቀምጦ «የእኛ ልጆች ወደ ኋላ ቀርተዋል» ማለት ግን ሁለት የማይነጻጸሩ ነገሮችን ማነጻጸር ነው። «ስላልመጣችልን» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ሰባት ያህል ቃል ይፈጅበታል። ለአማርኛ የተነበበውን ፊደል ቁጥር ከቃሉ ጎን ይመዝግቡ።

ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፦ «ልብስ» ውስጥ ሦስቱም ሳድስ ናቸው፤ ግን «ል» ብቻ አናባቢ አላት። መጥበቅና መላላትም አይጻፍም። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «ገና አልደረሰም» የምንለው። ልጁ አላልቶ ቢያነበው ስህተት ነው ወይስ አይደለም? ይህ አስቀድሞ በመመሪያ ካልተወሰነ ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች ያንኑ ልጅ በሁለት ውጤት ይመዘግቡታል። ስለዚህ የነጥብ አሰጣጥ ደንብ ይጻፉ፣ የአሥር ልጆችን ንባብ በስልክ ይቅዱ፣ ሰብሳቢዎቹ ለየብቻቸው ነጥብ ይስጡ፤ የተለያዩበትን ቃል አንድ በአንድ ይነጋገሩበት።

መጠይቅ ሲተረጎምም አንድ ሰው ወደ አማርኛ፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉም። ይህ ብቻውን አይበቃም። አምስት ስድስት መምህራን ፊት ያስቀምጡትና «ይህ ጥያቄ ምን ያለዎት ይመስልዎታል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ በናሙናው ውስጥ በሌሉ ትምህርት ቤቶች 30 በሚሆኑ ሰዎች ይሞክሩት። የክሮንባክ አልፋ (የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚሄዱ የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.70 በለጠ ብለው አይዝናኑ፤ አንዱን ሐሳብ በስምንት አባባል የደጋገመ መጠይቅም አልፋው ከፍ ይላል። ናሙናው አዊ ዞንን የሚነካ ከሆነ ልጆቹ በአውንጊ የሚማሩ መሆናቸውን አይርሱ።

ተማሪ ቆጥሮ ትምህርት ቤትን መርሳት

ክሬጅሲና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት የናሙና ሠንጠረዥ ለ10,000 ሰው 370 ይላል። በየማስተርሱ ይገለበጣል፤ ዶክትሬት ላይ ግን ገምጋሚው እዚያው ያቆምዎታል፤ ምክንያቱም ሠንጠረዡ ሰዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ እንደተመረጡ ይቆጥራል። እርስዎ ግን የመረጡት ትምህርት ቤት ነው፤ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ አንድ መምህር፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ፈረቃ ይጋራሉና ይመሳሰላሉ።

ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ከአንድ ትምህርት ቤት ከሚወስዱት ልጅ ቁጥር 1 ይቀንሱ፣ በመመሳሰሉ መጠን ያባዙ፣ 1 ይደምሩ። ከ20 ትምህርት ቤት 20 20 ልጅ ቢወስዱና የመመሳሰሉ መጠን 0.2 ቢሆን 4.8 ይመጣል። 400 ልጆችዎ ለ4.8 ሲካፈሉ እንደ 83 ልጅ ብቻ ይቆጠራሉ። ያንኑ 400 ከ40 ትምህርት ቤት 10 10 አድርገው ቢሰበስቡት ግን ማካፈያው 2.8፣ ውጤቱ 143 ይሆናል። ተጨማሪው የትራንስፖርት ብር የሚወጣው ለዚህ ነው።

የዩኒቨርሲቲውን እንጂ የሐይቁን ዳር የቀን መቁጠሪያ አለማየት

ፕሮፖዛል ላይ «ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መረጃ ይሰበሰባል» ብሎ መጻፍ ይቀላል። መስከረም ላይ ምዝገባው ገና አላለቀም፤ የፎገራ ሜዳም ውሃው አልሸሸ ይሆናል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፤ ሩዝ አብቃይ ቀበሌዎች ላይ የቀሪ ተማሪ ቁጥር ያሻቅባል፤ መቅረትን የሚያጠኑ ካልሆነ በስተቀር ውጤትዎን ያዛባል። ጥር ፈተና ነው። ክፍል ለማየት የሚመቹት የካቲትና መጋቢት ናቸው። ዘጌ በጀልባ የሚሄዱ ከሆነ በጠዋት ይነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ይይዘዋል። በጸጥታ ምክንያት ትምህርት ቤት ሊዘጋ ስለሚችል ለእያንዳንዱ አምስት ትምህርት ቤት ሁለት ተጠባባቂ፣ በዕጣ፣ ከመጀመሪያው ይያዙ። በኋላ «የተገኘውን ወሰድሁ» ከማለት ያድናል።

ደብዳቤም ጊዜ ይበላል። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ይቅደም፤ ከዚያ የትብብር ደብዳቤው ከትምህርት ክፍሉ ወደ ክልል ቢሮ፣ ወደ ዞን መምሪያ፣ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በመጨረሻም ወደ ርእሰ መምህሩ ይወርዳል። አንድ እርከን የዘለለ ደብዳቤ ተመልሶ ይወጣል። ለልጆች የወላጅ ፈቃድና የልጁ የራሱ እሺታ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ቅጹን ያነበበለት ምስክር ይፈርም።

ያነበቡትን መከመር

«እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት እንዲህ አለች» ተብሎ የተደረደረ ሠላሳ ገጽ ክፍተት አያሳይም። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንደሚባለው፣ አሥር ጽሑፍ ያነበበ ሰው «በዚህ ላይ ማንም አልሠራም» ይላል። በአንድ ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ጥናት ጥያቄውን፣ ቦታውን፣ ናሙናውን፣ መለኪያውን፣ ግኝቱንና ድክመቱን ይሙሉ፤ ባዶ የቀረው ዓምድ ክፍተቱን ራሱ ይናገራል። ምንጮችን መዝግቦ የሚይዘውን ዞቴሮ የተባለ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን ይጠቀሙ።

አማካሪን በይሉኝታ መሸሽ

«ሲሞላልኝ እልክልዎታለሁ» እየተባለ ስድስት ወር ያልፋል። አማካሪው ቸኩለው አይጠሩዎትም፤ እርስዎም ባዶ እጅዎን መሄድ ያፍራሉ። በየሦስት ሳምንቱ፣ ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀድሞ፣ አንድ ገጽ ይላኩ፦ የተሠራው፣ የተያዘበት፣ ውሳኔ የሚፈልገው። ከስብሰባው በኋላ የተወሰነውን በዚያው ቀን በኢሜይል ይጻፉላቸው። ሁለት አማካሪ ካለዎት ለሁለቱም በአንድ መልእክት ይላኩ፤ አለዚያ አንዱ የሻሩትን ሌላው ያጸኑታል።

ለጆርናል መቸኮል

ፕሮግራምዎ ስንት ጽሑፍ፣ የት ላይ እንደሚጠይቅ መመሪያውን በጽሑፍ ይያዙ። «በሦስት ቀን ገምግመን እናወጣለን፣ ክፍያው ይህን ያህል» የሚል ኢሜይል ከመጣ ይተዉት። ጆርናሉ ስኮፐስ በተባለው የጆርናሎች መዝገብ ውስጥ አለ ከተባለ በራሱ በስኮፐስ ድረ ገጽ ይፈልጉት፤ በጆርናሉ ገጽ ላይ የተለጠፈው አርማ ማስረጃ አይሆንም።

ቀንና ሰዓትን ማደባለቅ

ትንሽ ይመስላል፤ ትንተና ላይ ግን ሳምንታት ይበላል። መምህሩ «3 ሰዓት» ሲሉ በስልክ የሚሞላው የኮቦ (የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ) ቅጽ 9 ብሎ ይመዘግባል። የዘመናት ልዩነቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው፤ ልደቱን በፈረንጅ፣ የፈተናውን ቀን በእኛ የመዘገበ ሰው የ2ኛ ክፍል ልጆቹን የሕፃናት ማቆያ ዕድሜ ላይ ያገኛቸዋል። ቅጹ ላይ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ያስቀምጡ። የተሞላው ሁሉ በዕለቱ ማታ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤትዎ ውጪ ይሁን። መብራቱም ኔትወርኩም እስኪመለስ ወረቀቱን አይጣሉ።