በዜና የሚጠቀስ የኑክሌር መሥሪያ ቤት ሥራው ምን እንደሆነ እንዴት እንለያለን?

«የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን አስታወቀ» የሚል ዜና ሲነበብ ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዞ የተቀመጠው ሰው ግማሹ ቦምብ፣ ግማሹ መብራት ያስባል። ነገሩ ከሁለቱ አንዱንም ላይሆን ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ከሩሲያው የመንግሥት ኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የኑክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያግዝ የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረመች ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያሉ ስሞች በዛ ብለው ይሰማሉ። እነሱን ለመለየት ፊዚክስ መማር አያሻም። የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል መሄድ ይበቃል።

1. ማዕረጉን ለጊዜው እርሱት

እኛ አገር «ባለሥልጣን» ሲባል ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት፣ «ኮሚሽን» ሲባል ደግሞ ከፖሊስ እስከ አደጋ ስጋት ድረስ ያለው ሁሉ ይታሰበናል። ይህን ልማድ ይዘን የሌላ አገር ዜና ስናነብ እንሳሳታለን። ግብፅን ውሰዱ። የአቶሚክ ምርምር የሚሠራው፣ የኤል ዳባ ማመንጫ ባለቤት የሆነውና ሁሉንም የሚቆጣጠረው ሦስት የተለያዩ አካላት ናቸው፤ በዐረብኛ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ማዕረግ አላቸው፤ ወደ አማርኛ ሲመጡም ሦስቱም «ባለሥልጣን» ተብለው ያርፋሉ። አንባቢው አንድ መሥሪያ ቤት ይመስለዋል።

2. ግሱን ፈልጉ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው፤ ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ። የኑክሌር አካል ሁሉ ከሦስት ሥራዎች አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ይሠራል፦ ያለማል፣ ይቆጣጠራል ወይም ማመንጫ ያስኬዳል። ዜናው ውስጥ «አጠና፣ ዕቅድ አወጣ፣ ተፈራረመ» የሚል ካለ አልሚው ነው። «ፈቃድ ሰጠ፣ ፈተሸ፣ አገደ» ከተባለ ተቆጣጣሪው ነው። «ነዳጅ ጫነ፣ ኃይል ማመንጨት ጀመረ፣ ለጥገና አቆመ» የሚለው የማመንጫውን ባለቤት ይመለከታል።

ለመብራት ያለንን አደረጃጀት ብታስቡት ቶሎ ይገባችኋል። ኃይል የሚያመነጨው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። እዚህ ጎንደር ማራኪ ሰፈር መብራት ሲጠፋ የምንወቅሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ነው። ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ ፖሊሲ የሚያወጣው ደግሞ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። «መብራት ኃይል» ብለን በአንድ ስም ብንጠራቸውም አቤቱታ ስናቀርብ በራቸው ይለያያል።

በኑክሌር ግን መለየቱ ከምቾት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የኑክሌር ደኅንነት ስምምነት በአንቀጽ 8 ተቆጣጣሪው አካል የኑክሌር ኃይልን ከሚያስፋፋው ወይም ከሚጠቀምበት አካል በተጨባጭ እንዲለይ ያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሳሽም ዳኛም ራሱ ከሆነ ፍርድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የፉኩሺማ ኑክሌር ማመንጫ አደጋ ሲደርስ የጃፓን ተቆጣጣሪ የኑክሌር ኃይልን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር ነበር። ጃፓን በ2012 ያን አፍርሳ ከሚኒስቴሩ የተነጠለ አዲስ ተቆጣጣሪ አቋቋመች።

ሮሳቶምንም በዚሁ መዝኑት። ማመንጫ ይገነባል፣ ያስኬዳል፣ ነዳጅ ይሸጣል። አገሩ ውስጥ የሚቆጣጠረው ሌላ ነው፤ ሮስቴክናድዞር ይባላል። ስለዚህ ሮሳቶምን «የሩሲያ የኑክሌር ተቆጣጣሪ» የሚል ዘገባ ካያችሁ ተሳስቷል።

3. ዓመተ ምሕረቱን አጣሩ

«የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን» የሚለው ስም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የመጣ ነው። የአሜሪካው በ1946 ሕግ ተቋቁሞ በ1947 ሥራ ጀመረ። ኃይሉንም፣ የጦር መሣሪያውንም፣ ቁጥጥሩንም አንድ ላይ ይዞ ስለነበር ብዙ ተተችቶ በ1974 ሕግ ፈረሰ። ከጥር 1975 ጀምሮ ቁጥጥሩ ለኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን፣ ልማቱ ለሌላ አካል ተሰጠ፤ ልማቱን የያዘው አካል በ1977 ወደ ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። የዛሬን ዜና «የአሜሪካ አቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከፈረሰ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን መሥሪያ ቤት እየጠራ ነው።

የፈረንሳዩ በ1945 ተቋቁሞ ዛሬም አለ፤ በ2010 «አማራጭ ኢነርጂ» የሚል በስሙ ላይ ተጨመረለት። የሕንዱም ከ1948 ጀምሮ ቀጥሏል፤ ነገር ግን በ1983 ለቁጥጥር የሚሆን ሌላ ቦርድ ተቋቁሟል። አንድ ስም፣ ሦስት ዕጣ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር የቀላቀለ ዘገባ ሰባት ስምንት ዓመት ያዛባባችኋል።)

4. ቪየናን ከመንግሥት አካል ለዩ

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1957 ተቋቋመ፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት አባል ሆነች። ዋና መሥሪያ ቤቱ ቪየና ነው። የኑክሌር ቁስ ለጦር መሣሪያ እንዳይውል ይፈትሻል፣ አባል አገሮችን ያማክራል፣ ያሠለጥናል። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የቆላ ዝንብን ወንዶች በጨረራ አምክኖ በመልቀቅ ዝርያውን ለማጥፋት በተሠራው ሥራ የደገፈን እሱ ነው። ማመንጫ ለመገንባት ግን ፈቃድ አይሰጥም፤ ፈቃድ የየአገሩ ተቆጣጣሪ ሥራ ነው። «ኤጀንሲው ለኢትዮጵያ ፈቀደላት» የሚል ዜና ካያችሁ ዋናውን መግለጫ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ያለው «ገመገመ» ወይም «ምክር ሰጠ» ነው።

5. በራጅ ክፍል ሞክሩት

ጎንደር ማመንጫ የላትም፤ ጨረራ ግን አለ። ሆስፒታል ሄዳችሁ ራጅ የምትነሡበትን ክፍል በር እዩ፦ በቢጫ መደብ ላይ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት፣ አጠገቡ «ነፍሰ ጡር ከሆኑ ለባለሙያው ይንገሩ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ባለሙያው ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ትንሽ ባጅ መታወቂያ ብቻ እንዳትመስላችሁ፤ የወሰደውን ጨረራ የምትመዘግብ መለኪያም ልትሆን ትችላለች፤ በየጊዜው እየተወሰደች ትነበባለች። (የራጅ ማሽን ራሱ ውስጡ ጨረራ የሚያመነጭ ቁስ የለውም። መብራት ሲሄድ ጨረራውም ይሄዳል፤ በዚህስ ጎንደር ደህና ተጠብቃለች።)

እንግዲህ ጠይቁ፦ ማሽኑን የሚያስኬደው ማነው? ሆስፒታሉ። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚፈትሸውስ? በአገራችን ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1993 በአዋጅ ለተቋቋመ የጨረራ መከላከያ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ በኋላም «የኢትዮጵያ ጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን» ተባለ፤ አሁን በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ውስጥ ገብቷል። ስሙ ውስጥ «ኑክሌር» የሚል ቃል አታገኙም፤ ሥራው ግን ከተቆጣጣሪዎቹ ወገን ያስመድበዋል።

6. ራሳችሁ ስትጽፉ

ተማሪ ሆናችሁ የቤት ሥራ ብትሠሩ ወይም ለሬዲዮ ዜና ብታዘጋጁ፣ ስሙን መጀመሪያ ሙሉውን ጻፉ፤ ወዲያው በአንድ ሐረግ ሥራውን ጨምሩበት፦ «የማመንጫዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው እገሌ»። ከዚያ በኋላ «ኮሚሽኑ» ብትሉ ችግር የለውም። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ኮሚሽኖች ካሉ ግን «ኮሚሽኑ» የሚለውን ተዉትና «ተቆጣጣሪው»፣ «አልሚው» እያላችሁ ቀጥሉ። ሥራው ምን እንደሆነ ከዜናው ማወቅ ካልቻላችሁ የማቋቋሚያ አዋጁን ወይም ደንቡን ክፈቱ፤ «ሥልጣንና ተግባር» የሚለው አንቀጽ ላይ ግሶቹ ተዘርዝረው ይጠብቋችኋል።