ከጅማ ወደ አሜሪካ በቢዝነስ ክላስ፦ ዋጋው ለምን ይንራል፣ እንዴትስ ይቀንሳል?

ከጅማ ተነስቶ ወደ ዋሽንግተን፣ ቺካጎ ወይም ቶሮንቶ በቢዝነስ ክላስ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ባለጸጋ ነጋዴ ሳይሆን ልጆቹ የጠሩት፣ ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ማደር የሚከብደው ወላጅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡት መፍትሄዎች ዋጋ መቀነሳቸው ብቻ ሳይሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ተጓዥ የሚመቹ መሆናቸውም ታይቷል።

ምልክት፦ ሁለት ትኬት ቢሮዎች ለአንድ በረራ የተራራቀ ዋጋ ይነግሩዎታል፤ ወይም ትናንት የተነገረዎት ዋጋ ዛሬ የለም።

መንስኤው በአብዛኛው የሻጩ ስስት አይደለም። የቢዝነስ ክላስ ወንበር አንድ ዓይነት ቢሆንም የሚሸጠው በተለያዩ የዋጋ ደረጃዎች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ደረጃ በፊደል ይለያል፣ የተመደበለት የወንበር ብዛትም ውስን ነው። ርካሹ ደረጃ ሲያልቅ ሥርዓቱ ወደሚቀጥለው ውድ ደረጃ ይሸጋገራል። በዚህ ላይ የዓለም አቀፍ በረራ ዋጋ የሚሰላው በውጭ ምንዛሬ በመሆኑ፣ ምንዛሬው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ትኬቱ ሳይወደድ የብሩ መጠን ብቻ ሊጨምር ይችላል።

መፍትሄው ዋጋውን በዶላር፣ ከደረጃው ፊደል፣ ከቀን መቀየሪያው ቅጣትና ከገንዘብ ተመላሽ ደንቡ ጋር አብሮ መጠየቅ ነው። እነዚህ ካልታወቁ ሁለት ዋጋዎችን ማወዳደር አይቻልም። ቀኑን በጥቂት ቀናት ማዛወር ብዙ ጊዜ ርካሹን ደረጃ ያስገኛል፤ ለገናና ለጥምቀት የመጡ ወገኖች በሚመለሱበት በጥር፣ እንዲሁም በክረምቱ ማብቂያ አካባቢ ግን ወደ አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን ስለሚጣበብ ቅናሽ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ምልክት፦ የመሄጃው ብቻ ዋጋ ከደርሶ መልሱ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም።

የተለመዱት አየር መንገዶች ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያስቀምጡት ለደርሶ መልስ ስለሆነ ነው። የመመለሻ ቀንዎን ገና ያልወሰኑ ቢሆንም፣ ቀኑ በመጠነኛ ክፍያ የሚቀየር ደርሶ መልስ መግዛት ይሻላል። የትኬቱ የአገልግሎት ጊዜ ከቆይታዎ እንዳያጥር ግን ያረጋግጡ።

ምልክት፦ ደርሶ መልሱም በቢዝነስ ክላስ ከአቅም በላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሐሳቡን ይተወዋል፤ ነገር ግን የሁለቱ አቅጣጫዎች ድካም እኩል አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ለረጅም ርቀት የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት በአንድነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። በዚህ ምክንያት ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱ በርካታ በረራዎች ለነዳጅ መንገድ ላይ ያርፋሉ። በመመለሻው ግን ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሳና ነፋሱም ከኋላው ስለሚገፋው ጉዞው ያጥራል። ስለዚህ መሄጃው በቢዝነስ፣ መመለሻው በኢኮኖሚ ቢሆን ዋጋው ስንት እንደሚሆን ይጠይቁ፤ በእኔ ግምት ለአንድ አዛውንት ከሁሉም የተሻለው ስምምነት ይህ ነው።

ሌላው መንገድ ማይል፣ ማለትም አየር መንገዶች ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት የሚጠራቀም ነጥብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል በመሆኑ፣ ሰሜን አሜሪካ ያሉ ልጆችዎ በዩናይትድ ወይም በኤር ካናዳ ያጠራቀሙትን ማይል በእርስዎ ስም ለሚቆረጥ የኢትዮጵያ ትኬት ሊያውሉት ይችላሉ። ለማይል ትኬት የሚለቀቁት ወንበሮች ጥቂት ስለሆኑ ፍለጋው ከጉዞው ብዙ ወራት አስቀድሞ መጀመር አለበት።

ምልክት፦ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ርካሽ የነበረው፣ ጅማ ሲጨመርበት ይወደዳል።

ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው የአገር ውስጥ በረራ በአንድ ትኬት ሲካተት ዋጋው እንደ አዲስ ሊሰላ ስለሚችል፣ ሁለቱንም አማራጮች ማየት ይገባል። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ስህተት ግን ትኬቱን ከጅማ ቆርጦ፣ በጊቤ በረሃ በኩል በመኪና አዲስ አበባ ገብቶ፣ በቀጥታ ቦሌ መቅረብ ነው። የመጀመሪያው በረራ ላይ ያልተሳፈረ ሰው የቀሩት በረራዎቹ በሙሉ ሊሰረዙበት ይችላሉና። በመኪና መሄድ የሚመርጥ ሰው ትኬቱን ከመጀመሪያው ከአዲስ አበባ ይቁረጥ። የጅማውን በረራ ለብቻው የገዛ ሰው ደግሞ፣ በክረምት ዝናብና ጉም ቢዘገይ የሁለተኛው ትኬት ኃላፊነት የራሱ ስለሚሆን፣ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ይግባ።

ምልክት፦ የቀረበልዎ ዋጋ ለማመን የሚያስቸግር ርካሽ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ቢዝነስ የሚባለው አጭሩ በረራ ብቻ ሆኖ፣ ውቅያኖሱን የሚሻገረው ረጅሙ ክፍል በኢኮኖሚ ይሆናል። በየበረራው ትይዩ የተጻፈውን ክላስ አንድ በአንድ ያንብቡ። አውሮፓ ውስጥ ባሉ አጫጭር በረራዎች ደግሞ ቢዝነስ ክላስ በአብዛኛው መካከለኛው ወንበር ባዶ የተተወበት የኢኮኖሚ ወንበር ስለሆነ፣ የሚዘረጋ አልጋ አይጠብቁ። ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ቪዛ ነው፦ ኢትዮጵያዊ ተጓዥ በሸንገን አገሮች (የጋራ ቪዛ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች) አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነጻ ነው፤ እንዲህ ያለ ቪዛ ሳይኖረው በፍራንክፈርት አቋርጦ ወደ ብራዚል የሚሄድ ግን አስቀድሞ ማመልከት ይኖርበታል።

ከናይሮቢ ወይም ከካይሮ የሚነሳ ትኬት ከአዲስ አበባው ሊረክስ ይችላል፤ ሆኖም እዚያ የሚያደርሰው በረራ፣ የሆቴሉና የድካሙ ዋጋ ሲደመር ለጤነኛ ወጣት እንጂ ለአዛውንት አልመክረውም።

በመጨረሻ ከመክፈልዎ በፊት በትኬቱ ላይ የሚጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል መመሳሰሉን ይመልከቱ። ከአሜሪካ የሚነሳ ወይም ወደዚያ የሚሄድ ትኬት በቀጥታ ከአየር መንገዱ፣ ከጉዞው ቢያንስ 7 ቀን ቀደም ብሎ ከተገዛ፣ በአሜሪካ ደንብ መሠረት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ ይችላል፤ ገንዘቡን ሳይመልስ ያለ ክፍያ ለ24 ሰዓት ዋጋውን ይዞ ማቆየትን የሚመርጥ አየር መንገድም ስላለ፣ የትኛውን እንደሚፈቅድ አስቀድመው ይጠይቁ።